ያው ሪፖርት፣ 3 ጊዜ

መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ያንኑ ዲኤችአይኤስ 2 በሚሉት የጤና መረጃ ሲስተም ላይ አስገባለሁ። አሁንም ያንኑ ፎቶ አንስተህ የሥራ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቅ! የካርዱ ብር ከኪሴ። መንዝ ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የቆመ ነርስ ካያችሁ እኔ ነኝ፤ በዚያ ብርድ፣ ባና ደርቤ። ማታ 3 ሰዓት ላይ "አስቸኳይ!" ይላል። ስከፍተው የስብሰባ ፎቶ።

ይሄስ ይሁን። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንዱ የታካሚ ካርድ ከነስሟ፣ ከነምርመራ ውጤቷ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ያ ሁሉ ሰው ባለበት! የታካሚ ምስጢር መጠበቅ እኮ ገና ስንማር የነገሩን ነው። "ኧረ አጥፉት" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ? አውራ ጣት ብቻ። ሴትዮዋ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምንገናኝ የሰፈሬ ሰው ናት። በምን ዓይኔ ልያት?