የኖተሪ ማኅተም ምስክርን አይተካም

«ኖተሪው (ሰነድ አረጋጋጩ) በቪዲዮ ካረጋገጠው ኑዛዜው ጸንቷል፣ ምስክር አያስፈልግም» ለሚለው አስተያየት እርማት አለኝ። ኖተሪ በአካልም ይሁን በርቀት፣ ማለትም በቪዲዮ፣ በአብዛኛው የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነትና ወዶ መፈረሙን ነው፤ የሰነዱን ይዘት ትክክለኛነት አይደለም። ኑዛዜ ግን የራሱ ሥርዓት አለው፦ በብዙ አገሮች ምስክሮች ካልፈረሙበት ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ለቤት ሽያጭና ለውክልና የርቀት ማረጋገጫን ፈቅደው ለኑዛዜ የሚከለክሉ ሕጎችም አሉ። የሚያሳስበኝ ጉድለቱ የሚታወቀው ተናዛዡ ካረፈ በኋላ፣ ማስተካከል በማይቻልበት ጊዜ መሆኑ ነው። የርቀት ማረጋገጫው አገልግሎት ኖተሪ በሌለበት ትንሽ ከተማ ለሚኖር አረጋዊ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ተጠቀሙበት። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ንብረቱ ያለበት አካባቢ ሕግ ምን እንደሚጠይቅ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።