«ከበሩ ዞር በሉ» ከየት የመጣ ክርስትና ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ያስነበበውን ማስታወቂያ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞሯል። ላልደረሰው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ነዳያን ከእንግዲህ በዋናው በር አይቀመጡም፤ በጓሮው በር በኩል ይሁኑ። መመጽወት የፈለገ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይክተት፣ ወይም በባንክ ሂሳቡ ያስገባ፤ ኮሚቴው ያከፋፍላል። ምክንያቱ «የደብሩ ገጽታ» ነው። ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ፣ እንግዳ ሲመጣ አይመችም ተባለ።

ደሜ ፈላ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ልበል ብዬ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ከማስታወቂያው በላይ ያንገበገበኝ አንድ የኮሚቴ አባል ለተቃወሙ እናቶች የሰጡት መልስ ነው። «መጽሐፉ ራሱ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ይላል» አሉ። ማይክ ይዘው፣ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው።

እስቲ መጽሐፉን እንግለጠው። ሁለተኛ ተሰሎንቄ፣ ምዕራፍ 3፣ ቁጥር 10። «የማይወድ» ነው የሚለው። «የማይችል» የሚል ቃል እዚያ የለም። ጳውሎስ የሚገሥጸው ሥራ ፈትተው በሰው ነገር ጥልቅ የሚሉትን ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በግልጽ ይናገራል። ዓይናቸው የጠፋ እናት ምን ሠርተው ይብሉ? እግሩን በስኳር በሽታ ያጣው ሰውዬስ? ጥቅስ ጠቃሹ ሦስት ቁጥር ወረድ ቢሉ ኖሮ «መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ» የሚለውን ያገኙት ነበር። እሱን ለምን ዘለሉት? ከመጽሐፍ ግማሽ ገጽ ቀዶ ድሃ መውገር ነውር ነው።

ደግሞስ ይህ ከማን አፍ ወጣ? ከቤተ ክርስቲያን ሰው! ሊቃውንቷን በልመና እህል ካሳደገች ቤተ ክርስቲያን! ዛሬ የሚቀድሱልን፣ ማሕሌት የሚቆሙልን አባቶች እንዴት ነው የተማሩት? ለምነው ነው። በልጅነታቸው ከእናት ከአባታቸው ተለይተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ዞረዋል። ጎጃም ዋሸራ ቅኔ የቆጠረውም፣ ጎንደር ቤተልሔም ድጓ የተማረውም የገበሬ ቁራሽ በልቶ ነው። እነዚያ ልጆች ጉልበት ነበራቸው እኮ! ያቺ የገበሬ ሚስት «ሂድ እረስ፣ ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብትላቸው ኖሮ ዛሬ ድጓውን ማን ያዜምልን ነበር? እሷ ግን እንዲህ አላለችም። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ብላ አልመረመረችም። የእመቤታችን ስም ሲጠራ ሰማች፤ ከመሶቧ ቆርሳ ሰጠች። ለልጆቿ በማይተርፍበት ቀን ጭምር።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ባታቸው ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ነበራቸው። ልጆች ሆነን ስንነካካው «ይቺ ቅኔ ቤት ያገኘኋት ናት» ይሉናል። ውሻው የነከሳቸው ሲለምኑ ነው። የቤቱ እመቤት ሮጣ ወጥታ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበችላቸው፤ ከዚያ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ አቀረበችላቸው። ስሟን አልጠየቋትም። እስኪሞቱ ድረስ ግን ማታ ማታ ሲጸልዩ «ያቺን ባለውሻዋን አስብልኝ» ይሉ ነበር። እኔ ፍቅር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት በዚያ ጸሎት ውስጥ ነው። እንግዲህ አያቴ ያኔ የዛሬው ደብራችን በር ላይ ቢመጡ ዘበኛው ወደ ጓሮ ይመራቸው ነበር ማለት ነው።

«ምጽዋት አልከለከልንም፤ በሥርዓት ይሁን ነው ያልነው» ይላሉ። ሳጥን ዓይን የለውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ያ ሽባ ሰው በየቀኑ የሚቀመጠው «መልካም» በምትባለው የመቅደስ ደጅ ነበር። ለገጽታ ብሎ ያነሳው አልነበረም። ጴጥሮስም መጀመሪያ ትኩር ብሎ አየው፤ «ወደ እኛ ተመልከት» አለው። መተያየቱ ቀደመ። በሞባይል 100 ብር አስተላልፎ ከመኪና ሳይወርዱ ማለፍ ይህን አይተካም።

ከበሩ ግራ የሚቀመጡ እማሆይ አሉ። ለሰጣቸውም ላልሰጣቸውም «ቸር ያውልህ» ይላሉ። አምና ልጄ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አብረውኝ ከሚያስቀድሱት አንድም ሰው አልደወለልኝም። በአራተኛው እሑድ ስመጣ ከመሬት ቀና ብለው «ጠፋህብኝ፣ ምነው ደህና አይደለህም?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በስሙ እየጠሩ ይጠይቁኛል። አሁን ገጽታ ያበላሻሉ የተባሉት እኚህ ሴት ናቸው።

አዎ፣ የሰው ልጅ ተከራይቶ የሚለምን አለ። ኪስ የሚያወልቅም አይጠፋም። እሱን ዘበኛ ይያዘው። በአንድ ሌባ አሳቦ አርባ ድሃ ማባረር ግን ስንፍና ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጭ አድርጎ ጽፎታል፤ የጌጥ ልብስ ለለበሰው «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ለድሃው «አንተስ ወደዚያ ቁም»። የእኛን ማስታወቂያ አይቶ የጻፈው ይመስላል።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስታውሱ፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉትን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው ነበር። ረሃብ ነው። መንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አልጠበቁም፤ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ትዳራቸውን አስከፍሏቸዋል። ከሁለቱ ልጆች ተነስተው ስንት ሺህ ሕፃን እንዳሳደጉ አገር ያውቃል። ለመሳለም የወጣ ሰው ደጁ ላይ የወደቀውን ሲያነሳ እንዲህ ነው።

ትናንት ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል በዚያ አለፍኩ። ማስታወቂያው በሩ ላይ አለ፤ እንዳይረጥብ በላስቲክ ተሸፍኗል። እማሆይ ከጓሮው በር አጠገብ ቦዩ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው በስብሶ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። «ልጁ እንዴት ሆነልህ?» አሉኝ።

የሰበካ ጉባኤው አባላት፣ ያንን ወረቀት ከመጪው እሑድ በፊት አንሱት።