«ትንሽ ነው እንጂ ጤነኛ ነው» ብለን የምንሸኛቸው ሕፃናት

ኢንተርን ሳለሁ ነው። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት የማያቋርጥበት ሳምንት። መሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የወላዶች ክፍል ውስጥ የጠዋት ራውንድ ላይ ነን። አንዲት ወጣት እናት ባለፈው ቀን ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ልጁ ሁለት ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ካርዱ የእርግዝናውን ዕድሜ 35 ሳምንት ይላል፤ 37 ያልሞላው ያለጊዜው የተወለደ ነው። ቀሰቀስኩት፣ አለቀሰ። ደረቱን አዳመጥኩ፣ ደህና ነው። «ይጠባል?» አልኳት። «ይጠባል፣ ግን እንቅልፍ ያበዛል» አለችኝ። «ትንሽ ነው እንጂ ጤነኛ ነው» ብዬ የመውጫ ወረቀቱን ጻፍኩ።

አያቱ ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም ሲባል ነው የምንሰማው። ትንሽ ብታቆዩልን?» አሉኝ። «አይስጉ እማማ፣ እሱ የድሮ አባባል ነው» አልኳቸው።

በአምስተኛው ቀን ይዘውት ተመለሱ። እስከ እግሩ ድረስ ቢጫ ሆኗል። ጡት ሲሰጠው አፉን አይከፍትም። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ አሙቁት» ብሏቸው፣ እነሱም ፀሐይ ሲጠብቁ ሁለት ቀን አለፈ። በሐምሌ ምን ፀሐይ አለ? ቢኖርም ያን ያህል ለበረታ ቢጫነት ፀሐይ አይበቃም። ልጁ በብርሃን ሕክምናና በግሉኮስ ብዙ ቀን ቆይቶ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የአያቱ አባባል ልክ አይደለም። የስምንት ወር ልጅ ከሰባት ወሩ የበለጠ የመትረፍ ዕድል አለው። ግን እሳቸው ልጁ ጊዜው እንዳልደረሰ ገብቷቸው ነበር። ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ዛሬ ኢንተርኖችን ሳስተምር ከዚህ ልጅ እጀምራለሁ። ከ34 ሳምንት እስከ 36 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ የሚወለዱ ሕፃናት ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት ሁሉ ከ10 ሰባት ያህሉ ናቸው። ድሮ በእንግሊዝኛው «ለጊዜው የቀረበ» ይባሉ ነበር። ስሙ ሐኪሙን ስላዘናጋ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያ ስም ቀርቶ «ዘግይቶ ግን ያለጊዜው የተወለደ» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። በ35 ሳምንት የሕፃኑ አንጎል ክብደት ጊዜው ከደረሰው ሕፃን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሳንባው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቶሎ ላይወጣ ይችላል። ስቡ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል። ስኳሩ ይወርዳል። ቢጫነቱ የሚበረታው በአምስተኛው፣ በስድስተኛው፣ በሰባተኛው ቀን ነው። እኛ ደግሞ በ24 ሰዓት እንሸኘዋለን።

ችግሩ ሐኪሞቻችን ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ሥልጠናው ላይ ነው። ተማሪው ስለ ጨቅላ ሕፃን የሚማረው በአብዛኛው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ፣ ኦክስጅን የተደረገላቸውን አንድ ኪሎ ሕፃናት እያየ ነው። የ35 ሳምንቱ ግን እዚያ የለም። እናቱ ጎን፣ በጋቢ ተጠቅልሎ የወላዶች ክፍል ተኝቷል። እዚያ ደግሞ ሐኪሙ የሚያየው እናትየዋን ነው፤ ደሟን፣ ስፌቷን፣ ግፊቷን። ልጁ በሁለት ዲፓርትመንት መሃል ይወድቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ኢንተርን የወላዶች ክፍል ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ አንድ የ35 ሳምንት ሕፃን ሲጠባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ይይ። «ይጠባል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። እናት ሁሉ አዎ ትላለች፣ ጡቱ አፉ ውስጥ ነዋ። ቁጭ ብለህ ስታይ ግን ሌላ ነው። ሁለት ሦስቴ ይስባል፣ ያርፋል። የመዋጥ ድምፅ የለም። በአራተኛው ደቂቃ አገጩ ይቆማል፣ ዓይኑ ይከደናል። እናትየዋ «ጠገበ» ትላለች። አልጠገበም፣ ደከመው። እንገሩ ታልቦ በትንሽ ኩባያ ቢሰጠው፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ተቀስቅሶ ቢጠባ፣ ስኳሩም ቢለካ፣ ብዙው ጣጣ እዚያው ይቀራል።

ዕድሜውን ማወቅም ራሱ ሙያ ነው። የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው ሲባል ብዙ እናት ቀን አትናገርም። «ፍልሰታ ሊያዝ ሲል» ትላለች፣ ወይም «ከሚካኤል በኋላ»። ይህን ወደ ሳምንት መቀየር፣ ጳጉሜንም ሳይረሱ፣ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ካለ እሰየው። ከሌለ ግን ግምቱ በሁለት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። ሁለት ሳምንት ደግሞ 37 ያልነውን 35 ያደርገዋል።

ስለ ብርድም ሳልናገር አላልፍም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክፍሉ ሲጸዳ መስኮት ይከፈታል። ራውንድ ላይ ሕፃኑ ይገለጥና ስድስት ተማሪ በየተራ ያዳምጠዋል፤ ስድስተኛው ሲደርስ እግሩ በረዶ ነው። የምናስተምርበት መንገድ ራሱ ልጁን ይጎዳል ማለት ነው። ልጁ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ ይመርመር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ ተሞክሮ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሁሉ፣ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መክሯል። ኮፍያና ነጠላ ይበቃዋል። ኢንኩቤተር እስኪገዛ የሚጠብቅ ነገር የለውም።

አገራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ ብሎ ነበር። የ2019ኙ 33 አለ። እ.ኤ.አ. በ2030 ልንደርስበት የተስማማነው 12 ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኢንተርን ሮጣ መጣች። «ዶክተር፣ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችው ልጅ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳትጠባ ተኛች። ስኳሯን ለካሁ፣ ወርዷል» አለችኝ። ሕፃኗ 36 ሳምንት ናት፣ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ። የመውጫ ወረቀቷ ተጽፎ ነበር። እናትየዋ ቤት ክትፎው ተዘጋጅቷል፣ ዘመድ እየጠበቀ ነው ብላ ትንሽ ተከፋች። ሦስት ቀን አቆየናቸው። በአራተኛው ቀን ሲወጡ ወረቀቱ ላይ የቀጠሮ ቀን ነበረው፤ በማግስቱ ለቢጫነት ምርመራ እንዲመለሱ። መጡ።