«ቆዳሽ ነው» አለኝ እኮ!

ኡፍፍፍ። አሁን ከጅማ መርካቶ መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም፣ ጭቃው እንዳለ ነው፣ ካልጻፍኩት ግን ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የማድረው።

ያቺ የእቁቤ ሽቶ። ቅዳሜ ፎቶዋን ለጥፌ «አቤት ሙድ» ስትሉኝ የነበረችው። 3,800 ብር እኮ ነው ሰዎች! ካርቶኑ ላይ የአትክልት ስፍራ፣ ነጭ አበባ፣ ግማሽ ሎሚ። ልጁ ሲሸጥልኝ ያወራው ወሬ፣ ቤርጋሞት የሚሉት የሎሚ ዘመድ አለው፣ የብርቱካን አበባ አለው፣ ጃስሚን አለው፣ «እህቴ ይሄን ረጭተሽ ስትወጪ በቃ ገነት ውስጥ ነሽ»። ወረቀት ላይ ረጭቶ ሲያስሸትተኝ አልዋሽም ደስ ይላል፣ ልክ ሎሚ ስትቆርጡ ልጣጩ ፍንጥር እንደሚለው። ገዛሁ። የተረገምኩ ነኝ።

እሁድ የአክስቴ ልጅ መልስ ነበር። አንገቴን፣ እጄን፣ ነጠላዬን ሳይቀር አርከፈከፍኩት። ከቆጪ ሰፈር ተነስቼ አጂፕ ሳልደርስ ሽታው የለም! ባጃጁ ደሞ የሀበሻ ልብስ ስላየ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ነው የጫነኝ፣ እሱን ሌላ ቀን እመጣበታለሁ። መልሱ ላይ አክስቴ አቅፋ ስማኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «ወጥ ቤት ነበርሽ እንዴ?»። ጥምቀት ላይ አንድ ጎረምሳ ሎሚ ቢወረውርብኝ እኮ ከዚህ የተሻለ ሽታ ይቆይብኝ ነበር።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። በጨዋ ደንብ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሽቶ አይቆይም።»

እጄን ለቀም አደረገና አሸተተው። ማን ፈቀደልህ? ሱቁ ውስጥ አራት ሰው አለ፣ አንዷ ማስቲካ እያጮኸች። ከዛ ጮክ ብሎ፣

«እህቴ፣ ሽቶው ምንም አልሆነም። ቆዳሽ ነው።»

«ቆዳዬ ምን ሆነ?»

«ሽቶ ይበላል። አንዳንዱ ቆዳ እንደዛ ነው። ቅቤ ትቀቢያለሽ እንዴ?»

እኔ ቂሏ ደሞ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው፣ «ፀጉሬን ብቻ ነው»። ፀጉሬን ብቻ ነው!! ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስል። እሱም «አየሽ!» ብሎ ወደ ማስቲካዋ ዞረ፣ እሷ ሳቋን ለቀቀችው። «በቃ ገንዘቤን» ስለው በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አምና ኦርጅናል ነው ብለው የሸጡልኝ ቻርጀር ስልኬን ሲያቃጥልብኝም ይቺው ጥቅስ ነበረች። አንድ ሰው ነው መሰለኝ ለከተማው ሁሉ የሚጽፍላቸው።

መልሱ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ እንደ ሁሌው። እሁድ ማታ እኮ ተናድጄ ፓኬጄን ጨርሼ ስጎረጉር ነው ያመሸሁት! የሎሚና የብርቱካን ሽታ ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ ነው የሚተነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው፣ እሺ፣ እሱን ተቀበልኩ። ግን እሱ ሲሄድ ነጭ አበባው መውጣት አለበት፣ ጃስሚኑ ለሰዓታት መቆየት አለበት። የኔ ከሎሚው በኋላ ምንድነው ያለው? አልኮል። አበባው የታለ? ቅባት ያለው ቆዳ ደሞ እንዲያውም ሽቶ ያቆያል፣ ቶሎ የሚያጠፋው ደረቅ ቆዳ ነው! ወሬውን በቁሙ ገልብጦ ነው ያሸከመኝ! እኔም ተሸክሜ ወጣሁ።

ደሞ የመራራ ብርቱካን አበባ ዘይት «ኔሮሊ» ይሉታል፣ በእንፋሎት ነው የሚወጣው፣ አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት አንድ ቶን ገደማ አበባ ይፈጃል። ስሙ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጓንቷን ስትቀባበት ከነበረች፣ ጣሊያን ውስጥ ካለችው የኔሮላ ልዕልት የመጣ ነው ይላሉ። ልዕልቲቱን «ቆዳሽ ነው» ያላት ሰው ነበር? ቅቤ ትቀቢያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት?

ከሁሉም ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ጅማ ተቀምጬ ነጭ አበባ በብር መግዛቴ። አጋሮ አጎቴ ጓሮ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ካደረገ በኋላ ቡናው አንድ ላይ ነጭ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁርጥ ጃስሚን ነው የሚሸተው። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፣ ከዛ ይረግፋል፣ ማንም ደሞ ካርቶን ውስጥ ከቶ «ገነት» አይልሽም። ሁለት ሦስት ቀን! የኔ አጂፕ አልደረሰም! አጥራችን ላይ ያለው ጠምበለልስ ቢሆን? በነፃ!

እናቴ ስትሰማ ሳቀች። «እኔ አደስ የገባበት ቅቤ ተቀብቼ ሳምንት እሸታለሁ፣ አንቺ ገንዘብሽን ለአየር ትሰጫለሽ»። ምን ይባላል።

ለማንኛውም ሐሙስ ገበያ ነው፣ ሱቁ ጢም ይላል። አልሄድም ብዬ ነበር፣ እሄዳለሁ። ለጋ ቅቤ በአደስ አዘጋጂልኝ ብያታለሁ፣ ከአናቴ እስከ ክርኔ። እስቲ ያን ጊዜ እጄን ለቀም አድርጎ ያሽትት።