እርማት፦ ቀድሞ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ አግድም ዘንግ ላይ አይውልም

"ጂፒኤስ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር ኤክስ ነው፤ አግድም ዘንግ ላይ አስቀምጡት" የሚል ምክር በጣና ዙሪያ ያሉ ቦታዎችን በኤክሴል ለምትስሉ ተማሪዎች እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው፤ ለሒሳብ ደብተርም ልክ ነው። ለጂፒኤስ ግን አይሠራም።

ጉግል ማፕ ባሕር ዳርን 11.6፣ 37.4 ብሎ ሲያሳይ ቀድሞ የመጣው ኬክሮስ ነው። ኬክሮስ የሚለካው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስለሆነ ቦታው ቁም ዘንጉ ላይ ነው። አግድም ዘንጉ የኬንትሮስ፣ ማለትም የ37.4 ነው፤ ምሥራቅና ምዕራብን የሚለየው እሱ ነውና። ካገላበጣችሁት ባሕር ዳር ቱኒዚያና ሲሲሊ መካከል፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትወድቃለች።

የዓለም ካርታ ከሥር ካለ ይህ ወዲያው ይታያል። የሚያሳስበኝ ባዶ ግራፍ ነው። ነጥቦቹ ሐይቅ መስለው ስለሚቀመጡ ማንም አይጠረጥርም፤ ጣና ግን በጎኑ ተጋድሟል፣ በደቡብ ጫፍ ያለው የዓባይ መውጫም ወደ ግራ ዞሯል።

ለማጣራት ጎርጎራን ጨምሩ፦ ኬክሮስ 12.2፣ ኬንትሮስ 37.3። ከባሕር ዳር በላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብላ ከታየች ትክክል ናችሁ። ወደ ቀኝ ከሄደች ዘንጎቹ ተለዋውጠዋል። ኤክሴል በነጥብ ግራፍ ላይ የግራውን ዓምድ ለአግድም ዘንግ ስለሚወስድ፣ የኬንትሮሱን ዓምድ ወደ ግራ አምጡና እንደገና ሣሉት።