ኮርቻ ይዞ የሚቆመው ሰው

ሳሎናችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ዋንጫ ተቀምጧል። ብሩ ጠቆር ብሏል፣ አንዱ ጆሮው ጠመም ያለ ነው፣ ከስሩ ያለው እንጨት ዙሪያውን ጥፍር በሚያካክሉ ትናንሽ ሳህኖች ተሞልቷል፣ እያንዳንዷ ላይ ዓመትና የአንድ ልጅ ስም ተቀርጿል። 2020 እና 2021 የሉም፣ ኮቪድ ነው። የመጨረሻዋ ላይ የኔ ልጅ ስም አለ። ዋንጫው ግን ለዘለቄታው የሱ አይደለም፣ አንድ ዓመት አቆይቶ፣ አጽድቶ ለክለቡ ይመልሳል፣ ለቀጣዩ ልጅ ይተላለፋል። ከላይ በትልቁ የተጻፈው የአንድ የሞተ ሰው ስም ነው፣ ላወራችሁ የፈለግኩትም ስለሱ ነው።

እዚህ እንግሊዝ አገር በየከተማው የብስክሌት ክለብ አለ። በጋ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ከስራ በኋላ 10 ማይል ይወዳደራሉ፣ 16 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ባንዴ አይለቀቁም፣ በየደቂቃው አንድ አንድ ሰው እየተነሳ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይታገላል። ሁለቱም እግር ፔዳል ላይ ስለሚታሰር ከመነሳታቸው በፊት አንድ ሰው ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸዋል፣ ሰዓት ያዡ አምስት አራት ሶስት እያለ ቆጥሮ ሲጨርስ እጁን ያነሳል፣ መግፋት አይፈቀድለትም። ስሙ ዋንጫው ላይ ያለው ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ የሰራው ይሄንን ነው፣ ኮርቻ መያዝ።

ዋንጫውን የምትሰጠው ሚስቱ ናት፣ ክረምት ላይ ክለቡ እራት ሲያዘጋጅ ትመጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ እሱ ስንት ውድድር አሸንፎ እንደነበር ጠየቅኳት፣ አንድም አለችኝ። ከዛ ስታወራልኝ አመሸች፣ ዝናብ ቢሆን ብርድ ቢሆን ቴርሞሱን ይዞ ይወጣ እንደነበር፣ የመጨረሻው ልጅ ሳይገባ ወደ ቤቱ እንደማይሄድ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሲያገኝ ጆሮው ስር ጠጋ ብሎ አየር አስወጣ ይለው እንደነበር። ሲሞት ክለቡ ተሰብስቦ በስሙ ለታዳጊዎች ዋንጫ ይሁን አለ፣ ምክንያቱም በጣም የሚወደው የልጆቹን ውድድር ነበር። ልጄ በህይወት አይቶት አያውቅም፣ ግን ዋንጫውን ይዞ እንደመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው አባዬ ይሄ ሰውዬ ማነው የሚል ነበር፣ በየዓመቱ አንድ ልጅ ይሄን ይጠይቃል ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ከድሮም እንዲህ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ከፖሊስ ጋር ያጣላ ስለነበር በየደቂቃው አንድ አንድ ሰው መልቀቅ የተጀመረው ለዛ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ጥቁር ለብሰው ይወጡ ነበር። ይሄን ካደራጁት ዋነኛው ቢድሌክ የሚባል ሰው በፈረንጅ 1933 መኪና ገጭቶት ሞተ፣ ብስክሌተኞቹ መንገድ ዳር የመታሰቢያ ቦታ ሰሩለት፣ ከ1934 ጀምሮም በስሙ ሽልማት ይሰጣሉ፣ እስከዛሬ።

ሀዘን ላይ እኛን የሚያህል የለም፣ ይሄን ሳልል አላልፍም። እዚህ ቀብር ሄጃለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ከዛ ሰው መኪናውን አስነስቶ ወደ ስራው። እኛ ጋ ድንኳን አለ፣ እድር አለ፣ አርባው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ፣ ለቀስተኛ ለሳምንት ቤት አይለቅም። የጎደለን ከዛ በኋላ ያለው ነው። ለትልልቆቹ እናውቅበታለን፣ የአበበ ቢቂላ ስም ስታዲየም ላይ አለ፣ ይገባዋልም። ግን ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ፣ እነ ገረመው ደንቦባ እንደነበሩ ስንቱ ያውቃል? ጽጋቡ ግርማይ እንኳ በፈረንጅ 2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስንቱ አወራለት? የነሱን ካቴና በልጅነታቸው ያጠበቀላቸው ሰውማ ጭራሽ።

እኔ ባህርዳር ነው ያደግኩት። ባህርዳርን የሚያውቅ ያውቃል፣ ሜዳ ነው፣ ባጃጅ ሳይሞላው በፊት መምህሩም ተማሪውም የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሰራተኛም በሳይክል ነበር የሚሄደው። ሰፈራችን ዛፍ ስር ጎማ የሚጠግን ሳይክል የሚያከራይ ሰውዬ ነበር፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ ጋሼ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አስር አስራ አምስት ልጅ ሰብስቦ እስከ አባይ ድልድይ ያሽቀዳድመን ነበር፣ ሳይክል የሌለውን ልጅ የኪራዩን ያውሰዋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ዋናው ገበያው ነው፣ አስቡት። ስንነሳ የትንንሾቹን ኮርቻ ከኋላ ይዞ በእጅ ሰዓቱ ይቆጥር ነበር። ቅባት የጠገበ እጁ ኮርቻው ስር ሲገባ ጀርባዬ ላይ የሚሰማኝ ሙቀት አሁንም አለ። ሲሞት እዚህ ነበርኩ፣ በስልክ ሰማሁ፣ ነፍስ ይማር ብዬ የሌሊት ስራዬ ገባሁ። ይሄ ነገር እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ልጄ ዋንጫውን ባመጣ በሳምንቱ ያኔ አብረውኝ ለሚጋልቡት ጓደኞቼ ደወልኩ፣ አንዱ አሜሪካ ነው፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ እዛው ባህርዳር፣ ለጋሼ ዋንጫ እናሰራ አልኳቸው፣ ማንም እምቢ አላለም። መንገዱ እንደድሮው ስላልሆነ ከከተማ ሳይወጡ፣ ቀኑም ሲመች፣ ለልጆች ብቻ ይሁን ተባባልን። ከዛ ስሙ ምን ተብሎ ይጻፍ ሲባል ሁላችንም ዝም አልን። ስሙን አናውቀውም። ስንት ዓመት ሳይክሉን የጋለብን ሰዎች የአባቱን ስም ይቅርና የራሱን ስም አናውቅም፣ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያገኘው ወንድሜ ነው፣ እድሩ ጋ ሄዶ። ጸሐፊው የድሮ መዝገብ አወጡለትና ገጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል፣ ጎኑ ላይ በየወሩ የከፈለበት ምልክት ተደርድሯል፣ አንድም ወር አላለፈውም፣ እስከሞተበት ወር ድረስ።

ቅዳሜ ዕለት ስሙን በትልቁ አትሜ እዚህ ሰፈር ቁልፍና ጫማ የሚሰራው፣ ዋንጫም የሚቀርጸው ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። የኛን ፊደል አያውቀውም፣ ወረቀቱን ከብሩ ጎን ለጥፎ መስመር በመስመር እያየ ጀመረ። ልጄም አብሮኝ ነበር፣ የመጨረሻዋ ፊደል እስክታልቅ ሁለታችንም ባንኮኒው ላይ ተደግፈን ቆምን።