«እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ»

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት ስከትፍ ሰባት ሳምንት ያለ ደመወዝ አለፈኝ። በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «ቤተሰብ አይደለን እንዴ? የት ይሄድብሻል?» ቤተሰብ! ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

በመጨረሻ ለሠራተኞች በነፃ ጥብቅና የሚቆሙ ጠበቆች ዘንድ ሄድኩ። በእጄ የነበረው ማስረጃ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት በየዕለቱ በእስክሪብቶ የጫርኩበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ ወሩም ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር። ጠበቃዋ አልናቀችውም። በአስተርጓሚ እየጠየቀች ከመስከረም ጀምራ ቀን በቀን ወደ እነርሱ ሰዓት ገለበጠችው። አሠሪው መዝገብ ካልያዘ የሠራተኛው አሳማኝ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳለው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገና በ1946 እ.ኤ.አ. ወስኗል አለችኝ። የዲሲ ሕግ ካልተከፈለው ደመወዝ በላይ እስከ ሦስት እጥፍ ካሳ ያስከፍላል፤ ለመክሰስ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ የጠበቃውንም ወጪ የሚሸፍነው የተረታው አሠሪ ነው። የእኔ አሠሪ ደብዳቤው እንደደረሰው ከፈለ።

ቼኩን ይዤ ስወጣ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ትዝ ያለችኝ እናቴ ቤት ሁለት ዓመት የሠራችው ልጅ ናት። ደመወዟን ስትጠይቅ «እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ፤ ታባክኚዋለሽ» ትባል ነበር። ለእንቁጣጣሽ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትነሣ እናቴ የተሰበሩትን ሲኒዎች፣ ያረረውን ድስት እየቆጠረች ቀነሰችባት። እኔ አጠገባቸው ቡና እየጠጣሁ ነበር። ልጅቷ የቀረውን ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ስትወጣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አገራችን ሕግ አላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተሰናባች ሠራተኛን ክፍያ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ እንዲከፍል ሊያደርግ ይችላል። ደመወዝ ለመጠየቅ የተሰጠው ጊዜ ግን ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር! እኛ የዚያችን ልጅ ደመወዝ የያዝነው ሁለት ዓመት ነው። ለነገሩ እርሷ ጭራሽ ከአዋጁ ውጭ ናት፤ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ለብቻው ተትቷል።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። አሁን ያለችው ልጅ በየወሩ በስሟ ባንክ ይግባላት ብዬ ለመንኳት።

«ምን አጎደልኩባት?» አለችኝ ተቀይማ። «እንደ ልጄ አይደለም እንዴ የማያት?»